ሊቀ ብሶት ዝም ያሉ ዕለት

ክለቡን የሚወድ ደጋፊ በሕይወቴ አላየሁም። የማውቃቸው ደጋፊዎች በሙሉ ክለባቸውን የሚጠሉ ናቸው፤ የሚለያዩት በሚጠሉበት ትጋት ብቻ ነው። አንዳንዱ ሲሸነፍ ይጠላል። ይህ ገና ጀማሪ ነው። አንዳንዱ አቻ ሲወጣም ይጠላል። ዋናው ግን ሲያሸንፍም የሚጠላው ነው። እሱን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ሦስት ለዜሮ አሸንፋችሁ እየዘፈናችሁ ስትወጡ ከኋላችሁ፣ «አራተኛዋ እንዴት ትሳታለች? ይሄ ቡድን ነው?» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ዘወር ብላችሁ እጅ ንሱ። እሱ ነው።

የእኛ ሰፈሩ ክቡር ሊቀ ብሶት ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠናቸው በሙሉ ድምፅ ነው፤ የተቃወሙት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ የማይቃወሙት ነገር የለም። ሙያቸው ልብስ ሰፊነት ነው። ለእኔ የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። ፊት ለፊት ስንገናኝ «ጋሼ» ብዬ፣ አንተ እያልኩ ነው የማናግራቸው። እዚህ አንቱ ያልኳቸው ከአክብሮት እንዳይመስላችሁ፤ ተናድጄ ነው። ሰው ሲናደድ ይርቃል፣ ሲርቅ አንቱ ይላል።

መናደዴን አልደብቅም። ክለባችን ወረደ። ሠላሳ ጨዋታ፣ ዐሥራ ስምንት ሽንፈት፣ ሦስት አሰልጣኝ፣ አንድ ሊቀመንበር። ሦስቱ አሰልጣኞች ተባረዋል፤ ሊቀመንበሩ አሁንም አሉ። አሰልጣኝ ባባረሩ ቁጥር ጋዜጠኛ ሰብስበው «ዘንድሮ የሽግግር ዓመት ነው» ይሉ ነበር። ከየት ወደ የት እንደምንሸጋገር የገባን በመጨረሻው ሳምንት ነው፤ ከአንደኛ ዲቪዚዮን ወደ ሁለተኛ። ከወረድን በኋላ ደግሞ የውድቀቱን ምክንያት የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋሙ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ምክንያቱን እኔ በነጻ እነግራቸዋለሁ። በረኛችን ኳስ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። ተከላካዮቻችን ለመጣው ሁሉ መንገድ ይለቃሉ። አማካዮቻችን ዓመቱን ሙሉ ሳይተዋወቁ ተለያዩ። ሊቀመንበሩ ደግሞ ኳስ አይወዱም። ይህን ለማወቅ ኮሚቴ አያስፈልግም፣ አንድ ትኬት ይበቃል።

ይህን ሁሉ ግን ጥርሴን ነክሼ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሊቀ ብሶትን ነው።

የውድድር ዓመቱ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሱቃቸው ውስጥ ጨርቅ እየቆረጡ ሳለ መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። መቀስ አስቀምጠው የሚናገሩት ከባድ ነገር ሲሆን ብቻ ነው።

«ስማኝ» አሉኝ። «ይሄ ክለብ ዘንድሮ ከወረደ እኔና እሱ ተፋታን። የአባልነት ካርዴን ወስጄ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ስታዲየም በር ላይ ካየኸኝ ሰው አይደለሁም።»

«ጋሼ፣ ይሄን እኮ በየጨዋታው ነው የምትለው።»

«በየጨዋታው ስለው እየጮህኩ ነበር። አሁን ጮህኩ?»

አልጮሁም። እውነቱን ለመናገር ያስደነገጠኝም እሱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ገብተናል፤ ከትልቁ ሰዓት በታች፣ ዐሥራ አንደኛው ደረጃ ላይ። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ በሩ ላይ ቆመው «በቃኝ! ጨርሻለሁ! ሁለተኛ ዓይኔን አያዩትም!» ብለው ያውጃሉ። እሑድ ያኮርፋሉ። ሰኞ ይሰድባሉ። ረቡዕ ላይ ክር እየሰኩ፣ እኔን ሳያዩ፣ «የቅዳሜው በስንት ሰዓት ነው?» ይላሉ። ይህ እንደ ፀሐይ መውጣት የታወቀ ነበር። በቀስታ የተነገረ «በቃኝ» ግን ሰምቼ አላውቅም። እኔ ደግሞ ያለ እሳቸው ስታዲየም ገብቼ አላውቅም፤ ስገባ የቱን ጨዋታ እንደማይ፣ በምኑ እንደምናደድ እንኳ የሚነግረኝ ሌላ ሰው የለኝም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የለመንኩት ሁለት ነገር ነው፤ ክለቡ እንዳይወርድ፣ እሳቸው ደግሞ ጥቂት ዝም እንዲሉልኝ። ሁለተኛውን መለመኔ ጥፋት ነበር።

እንዲያው ፍረዱኝ ግን። ከሊቀ ብሶት ጎን ተቀምጦ ጨዋታ ማየት ማለት ጨዋታ አለማየት ማለት ነው። ዳኛው ፊሽካ ሳይነፋ ገና ማልያው ላይ ይጀምራሉ። «እዩት ኮሌታውን! ይሄን የሰፋው ሰው እጁ ላይ መርፌ ሳይሆን አካፋ ነበር የያዘው።» ከዚያ ወደ ሜዳው ሣር ይወርዳሉ፣ ከሣሩ ወደ ዳኛው፣ ከዳኛው ወደ ዳኛው አስተማሪ። ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጠን ደግሞ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ።

«ገባ?» ይሉኛል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«ገባ!»

«አትዋሸኝ።»

«ጋሼ፣ ሕዝቡ እኮ እየጨፈረ ነው!»

«ሕዝቡ ምን ያውቃል?»

ሥራቸውም ከክለቡ ጋር አብሮ ይወርዳል። ሰፈራችን ውስጥ ቅዳሜ ከተሸነፍን ሰኞ ሱሪ የሚያሳጥር ሰው የለም። አንዴ አንድ መምህር ሳያውቅ አምጥቶ፣ ሁለት ጣት ይጠር ያለው ሱሪ እስከ ጉልበቱ ደርሶ ተመልሶለታል። ከሱቃቸው አጠገብ መድኃኒት ቤት ያላት ሴትዮ የዕለቱን ውጤት ለደንበኞች ትነግራለች፤ «ሁለት ለዜሮ ተሸንፈዋል፣ እስከ ሐሙስ አታምጡ» ትላለች፣ የመድኃኒት አወሳሰድ እንደምትነግር ሁሉ። አራት ለባዶ በተሸነፍንበት ሳምንት የተሰፋ የሙሽራ ኮት ግራ እጅጌው ከቀኙ በሦስት ጣት አንሶ ተገኘ። ሙሽራው የሰርጉን ዕለት ፎቶ ሁሉ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነው የተነሣው። ለአቤቱታ ሊመጣ ሲገባው አልመጣም። በኋላ ሲጠየቅ፣ «እኔም ደጋፊ ነኝ፣ ይገባኛል» አለ አሉ።

የሚገርመው ደግሞ ክለቡን መስደብ የሳቸው ብቻ ርስት ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያወርዱበት ቆዩ። ከበረኛው ጀምረው የበረኛውን ጓንት፣ ጓንቱን የገዛውን ሰው፣ ሲጨርሱ ሊቀመንበሩን። በዚህ መሃል የጎረቤት ጋራዥ ባለቤት፣ የተቃራኒው ክለብ ደጋፊ ነው፣ ለጥገና ያመጣውን የሥራ ልብስ ሊወስድ ገባ። እሱም ሊያጽናና ፈልጎ ይሁን እንጃ፣ «መቼም ቡድናችሁ ዘንድሮ ደከም ብሏል» አለ። ይኸው ነው ያለው።

ሊቀ ብሶት ከወንበራቸው ተነሡ። «ማነው የደከመው? እነማንን ነው ደካማ የምትለው? ልጆቹን ታውቃቸዋለህ? እንኳን አንተ ክለባችሁም አያውቃቸው!» ቁልፉ ገና ያልተተከለውን ልብስ ጠቅልለው ደረቱ ላይ ወረወሩበት። ሰውዬው ከወጣ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «ደካማ አይደለም ወይ? ደካማ ነው እንጂ። ግን እሱን ምን አገባው?»

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ወደ ወገቡ።

ሊቀ ብሶት ሰውን የሚያዩት በሜትር ነው። ሜትሩ አንገታቸው ላይ ባይኖርም ዓይናቸው ውስጥ አለ። የሰው ስም አይዙም፣ ልኩን ይይዛሉ። በዓይን ብቻ አይተው የሰው ወገብ በአንድ ሴንቲ ሳይሳሳቱ ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ግን ለማንም አይደለም፣ ለጥቁሯ ደብተራቸው ነው። ደብተሯ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎባት ነው የምትኖረው። «ልብስ ሰፊ የሰው ወገብ አያወራም» ይላሉ። ሰፈሩ ውስጥ ማን እንደወፈረ፣ ማን እንደከሳ፣ ማን ትከሻው እንደወረደ ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ አንድ ቀን ግን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። እህቴ እንኳ ደብተሯን ገልጣ አታውቅም። ምላሳቸው የማይደርስበት ብቸኛ ቦታ ያ መሳቢያ ነበር።

ክለቡ ከውድድሩ በፊት ለጉዞ የሚለበስ ሙሉ ልብስ ለተጫዋቾቹ ሊያሰፋ ፈለገ፤ ሥራው ለሳቸው ተሰጠ። ሃያ አምስት ሰው ለኩ። ሲለኩም እየተሳደቡ ነው፤ «እግርህ እኩል አይደለም፣ ለዚህ ነው ኳስ የምታጣምመው» እያሉ። ባለ ዘጠኝ ቁጥሩ፣ አዲሱ አጥቂያችን፣ ያን ጊዜ ወገቡ ሰማንያ ሁለት ነበር። ደብተሯ ላይ ሰፈረ። ውድድሩ ከተጋመሰ በኋላ ይኸው ልጅ ሱሪዬ ጠበበኝ ብሎ መጣ። ሲለካ ሰማንያ ዘጠኝ። በአምስት ወር ሰባት ሴንቲ! በዚያ አምስት ወር ያገባው ጎል ደግሞ ሁለት ነው፤ አንደኛዋም ጀርባውን መትታ ነው የገባችው።

ሊቀ ብሶት ሱሪውን አሰፍተው ሰጡት። አንድ ቃል አልተናገሩም። ለእኔም አልነገሩኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ግን እህል አልወርድ አላቸው፤ ምሥጢሩ ጉሮሯቸው ላይ ቆሞ።

ሦስተኛው ቅዳሜ በሜዳችን አንድ ለአንድ ነበርን። ረጅም ኳስ ተላከለት። ደርሶ ቢሆን ኖሮ ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ነው። አልደረሰም። በአንድ እርምጃ አልደረሰም። ሊቀ ብሶት ከጎኔ ተፈናጥረው ተነሡ።

«ሰማንያ ሁለት ነበርክ!» አሉ። ድምፃቸው ስታዲየሙን ሞላው። «ሰማንያ ሁለት ነበርክ፣ ሰማንያ ዘጠኝ ገብተሃል! ሰባት ሴንቲ! ሰባት ሴንቲ በላህብን!»

በዙሪያችን ያለው ሰው መጀመሪያ አልገባውም። «ምንድነው ሰማንያ ዘጠኝ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ በእጄ ወገቤን አሳይቼ አስረዳሁ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንዱ ጥግ፣ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ሙሉ ስታዲየሙ፣ «ሰ-ማን-ያ ዘ-ጠኝ! ሰ-ማን-ያ ዘ-ጠኝ!» እያለ ያጨበጭብ ጀመር። ልጁ ቆመ። ወደ ታች ወገቡን አየ። ከዚያ ማልያውን ከቁምጣው አወጣና ሆዱን ሸፈነ።

ሊቀ ብሶት ቀስ ብለው ተቀመጡ። ውድ ጨርቅ ተሳስተው የቆረጡ ያህል ፊታቸው ነጣ። ያን ቀን በሩ ላይ «በቃኝ» አላሉም። መንገዱን በሙሉ ያወጡት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱንም ለራሳቸው። «ልብስ ሰፊ የሰው ወገብ አያወራም።»

ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው በየሳምንቱ እየቀነሰ ሄደ። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። ጨዋታ በሰላም ላይ ነው ብዬ! የመጨረሻው ሳምንት ደረሰ። ካሸነፍን እንተርፋለን፣ ካላሸነፍን እንወርዳለን። ሌላ ሒሳብ የለም። ሊቀ ብሶት ካርዳቸውን የደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘው መጡ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ አፋቸውን አልከፈቱም። በረኛው ዓይኑን ጨፍኖ ጎል ሲገባበት ዝም። ተከላካያችን በስህተት ይሁን በተአምር ጎል አግብቶ አቻ ሲያደርገን ዝም። ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ኳሷ ከክንፍ ተሻግራ፣ ሁሉንም አልፋ፣ ባዶ ጎል ፊት ለፊት ባለ ዘጠኝ ቁጥሩ እግር ሥር ደረሰች። ሁለት ሜትር ናት። እግር ማስነካት ብቻ ነው። ልጁ ግን ራሱን ቀና አድርጎ ወደ ደጋፊው አንጋጦ ነበር። ኳሷ በእግሮቹ መሃል አልፋ ወጣች። አንድ ለአንድ። ወረድን።

ሰው ያለቅሳል፣ ይራገማል፣ ወንበር ይሰብራል። እኔ የተሳደብኩትን ዛሬ ብጽፈው ይህን የሚያትም አይገኝም። ሊቀ ብሶት ግን ኮታቸውን ቆለፉና፣ «እንሂድ፣ ይበርድሃል» አሉኝ። ይበርድሃል!

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ደረሰ። ሦስት ሳምንት ሳላያቸው ቆየሁ፤ ሁለታችንም ቁስላችንን እንላስ ብዬ። አንድ ቀን እህቴ ቢሮዬ ድረስ መጣች። እህቴ እሱ ለሚሰፋው ልብስ የቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራ ሴት ናት፤ ሱቁ ውስጥ ጩኸቱን ስለማትችል ከመንገዱ ማዶ፣ ቤቷ መስኮት ሥር ተቀምጣ ነው የምትሠራው። ቢሮዬ መጥታ አታውቅም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ቦርሳዋን ጨበጠች።

«ሰውዬው አይቆጣም» አለችኝ።

«ማ?»

«ማ ይሆናል? ባሌ ነዋ! ትናንት ምሳ በልቶ ሲጨርስ እጅሽ ይባረክ አለኝ።»

«እና?»

«እና ትላለህ? ሠላሳ ዓመት ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ሲለኝ የኖረ ሰው! ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ ሳዳምጥ ነው ያደርኩት። ሱሪ በትክክል ያሳጥራል። ለደንበኛ ቁጭ በሉ ይላል። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ እንኳ ፈርታ ደሙን ለካችለት። ደሙም ደህና ነው!»

«ካርዱንስ መለሰ?»

«ፖስታ ውስጥ አሽጎታል። ዓርብ ይዤ እሄዳለሁ ይላል።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ክለቡን ያወረድኩት እኔ ነኝ ይላል። ልጁን አዋርጄው ልቡን ሰበርኩት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እግሩ ታሰረ ይላል። ሂድና አናግረው ወንድሜ። ስደበው፣ እንደ ምንም ብለህ ብቻ አስቆጣው።»

ንዴቴ ያን ጊዜ ጫፍ ደረሰ። ሠላሳ ዓመት ጮኸው አንዲት ኳስ በአንድ ስንዝር ያላንቀሳቀሱ ሰው፣ አሁን በአንድ ጩኸት ክለብ አወረድኩ ይላሉ! የዚህን ዓይነት ትዕቢት የት ይገኛል? ሊቀመንበሩ ምን ይሁኑ? በረኛውስ? ያን ሁሉ ጥፋተኛ አልፎ ጥፋቱን ለራስ መውሰድ ስርቆት ነው። ይህን ልነግራቸው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እየተንደረደርኩ ሱቃቸው ገባሁ።

ሱቁ ጸጥ ብሏል። ጠመኔው፣ መቀሱ፣ ካውያው በተርታ ተቀምጧል። ያ ሁሉ ክር በቀለም በቀለሙ ተደርድሯል። ፖስታው ከስፌት መኪናው አጠገብ ነው፤ የክለቡ ጽሕፈት ቤት ስም በጥሩ እጅ ጽሕፈት ተጽፎበታል።

«ግባ ወንድሜ፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ወንድሜ ብለውኝ አያውቁም።

«ሰማህ ጋሼ?» አልኩ ሳልቀመጥ። «የበረኛውን ውል ለሦስት ዓመት አራዘሙለት።»

«ይሁን። ልጅ ነው፣ ይማራል።»

«ሊቀመንበሩ በድጋሚ ልወዳደር ነው ብለዋል!»

«ሥራው ከባድ ነው፤ ማንም ሰው ይሳሳታል።»

«በመክፈቻው ጨዋታ ጎላችንን የሻረው ዳኛስ?»

«ዳኛም የሰው ልጅ ነው።»

ደሜ ፈላ። «የሰው ልጅ ነው? ዳኛ የሰው ልጅ ነው? ጋሼ፣ አንተ ነህ ይሄን የምትለው? ያን ሰውዬ ዓይኑ በካውያ ይተኮስ ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ብያለሁ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ብዙ ነገር ብያለሁ። ነገ ሄጄ እገላገላለሁ።» ፖስታውን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

ነገ ካርዱ ከተመለሰ ዐሥራ አንደኛው ደረጃ ላይ ብቻዬን ነኝ፤ ብቻዬን ከሆንኩ ደግሞ እኔም አልሄድም። ይህን አፍ አውጥቼ ልነግራቸው ነበር። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና ባለ ዘጠኝ ቁጥሩ ገባ።

ሱሪ በወረቀት ከረጢት ይዟል። እኔን ሲያይ ጎንበስ አለ፤ እሳቸውን ሲያይ በሩ ሥር ቆመ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ማክሰኞ የቡድን ፎቶ እንነሳለን ተብለናል። ሱሪው አልዘጋ ስላለኝ ነው።»

«የት ክለብ?» አልኩት፣ ንዴቴን የማሳርፍበት አግኝቼ።

«እዚሁ። ሌላ የሚፈልገኝ የለም» አለ ሳያፍር።

ሊቀ ብሶት ተነሡ። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱና ወገቡ ላይ አዞሩ። አጠገባቸው ነኝ፤ አውራ ጣታቸው ያረፈበትን በዓይኔ አየሁ። ዘጠና አንድ። እሳቸውም አዩት። ጥቁሯን ደብተር ከፈቱ፣ እርሳሱን አነሡ፣ ትንሽ ቆዩና፣

«ሰማንያ ሁለት» አሉ።

ልጁ ፈገግ አለ።

«ኧረ ጋሼ! ሰማንያ ሁለት ብሆን ሱሪውን ለምን አመጣው ነበር?»

እርሳሱ ከእጃቸው ወደቀ። «ጥፋቴ ነው ልጄ» አሉ። «የሙያዬን ምሥጢር አደባባይ አወጣሁ። አንተን በሕዝብ ፊት አዋረድኩህ። እግርህን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ክለቡንም እኔው ነኝ ያወረድኩት።»

«እርስዎ?» አለ ልጁ ተገርሞ። «ምን በወጣዎ! የተናገሩት እኮ እውነት ነው። አሰልጣኙም ነግሮኝ ነበር፤ በለስላሳ ስለነገረኝ አልሰማሁትም። ከርስዎ በኋላ ሳምንት ሙሉ ራት አልበላሁም። ይልቅስ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ምን ሆነው ነው ዝም ያሉት?»

«እንዴት?»

«ድምፅዎን አጣሁታ! ከዚያ ሁሉ ሰው የርስዎን ነው ለይቼ የምሰማው። ዓመቱን ሙሉ ስህተቴን የማውቀው እርስዎ ሲጮሁ ነው። ያን ቀን ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። ታመው ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ያቺ የመጨረሻዋ ኳስ ስትመጣ እኮ ቀና ብዬ እርስዎን ስፈልግ ነበር።»

መጀመሪያ የሊቀ ብሶት አንገት ከኮሌታው በላይ ቀላ። ከዚያ ጆሯቸው። ሜትሩን እጃቸው ላይ ጠቀለሉት።

«ምን አልክ?»

«ታመው እንዳይሆን ብዬ…»

«ኳሷን ትተህ?»

«ጋሼ…»

«ባዶ ጎል!» አሉ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ኮቶች የተነቃነቁ መሰለኝ። «ሁለት ሜትር! ክለብ እየወረደ፣ ሕዝብ እየታመሰ፣ አንተ ሜዳ መሃል ቆመህ የሰው ጤና ትጠይቃለህ? ሐኪም ነህ? አስታማሚ ነህ? ብሞትስ? ብሞት መጀመሪያ ኳሷን አስገብተህ፣ ቀጥሎ አትቀብረኝም? ደግሞ ሰማንያ ሁለት አልኩህ! ዘጠና አንድ ነህ! ዘጠና አንድ! ይሄ ወገብ ነው ወይስ የውኃ በርሜል? ውጣ! አንተም ውጣ፣ ቆመህ ምን ትገለፍጣለህ? እስከ ዛሬ ይሄን ሊቀመንበር ተብዬ ዝም ብላችሁ የምታዩ እናንተ ናችሁ ያወረዳችሁን! ውጡልኝ ከሱቄ!»

ገፍተው አስወጡን። ልጁ የወረቀት ከረጢቱን ጨብጦ አስፋልቱ ላይ ቆመ። በሩ ተመልሶ ተከፈተ።

«ቅዳሜ ልምምድ በስንት ሰዓት ነው?»

«በሁለት ሰዓት ተኩል፣ ጋሼ» አለ ልጁ።

«ካርዴን ይዤ መጥቼ ቆሜ አይሃለሁ! ዐሥር ዙር ሳትሮጥ አንዲት ኳስ ትነካና! ና አሁን ግባ፣ ሱሪውን ሳትሰጠኝ የት ትሄዳለህ አንተ ዝርክርክ!»

ልጁ ተመልሶ ገባ። ከመንገዱ ማዶ እህቴ መስኮቷን ከፍታ አንገቷን አውጥታለች፤ ጣቷ ላይ ገና መርፌ አለ።

«ምንድነው? ምን ሆናችሁ?»

«አባረረን» አልኳት።

«ሰደባችሁ?»

«እስከ ሰባት ቤታችን!»

«እሰይ!» አለች። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ መስኮቱን ይበልጥ ከፈተችው፣ ለመስማት።

እኔን ማንም ግባ አላለኝም። የሱቁ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩና ጋሼ ከውስጥ በረኛውን፣ ከበረኛው ሊቀመንበሩን፣ ከሊቀመንበሩ ኮሚቴውን በተራ በተራ ሲያወርድባቸው አዳመጥኩ። በዚያ የተረገመ ዓመት አምስት ጊዜ አሸንፈናል። አንዱም እንደዚያ አላስደሰተኝም።